ሸቭሮሌ በሶማሌ ተራ



ስለ አሮጌ መኪና ንግግር አለ ሲባል ብዙ ሰው የሚጠብቀው ስለ ቤተ መንግሥት መኪኖች እንዲወራ ነው። እነሱን ማየት የሚፈልግ ዛሬ መንገዱ ቀሎለታል። ቀድሞ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይባል የነበረው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት በ2017 ዓ.ም. ሙዚየም ሆኖ ከተከፈተ ወዲህ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኪኖች እዚያ ይታያሉ። እኔ የማወራው ግን ባለቤቷ ንጉሥ ስላልነበረ መኪና ነው። የግል መካኒክም የጥገና በጀትም ያልነበራት፣ ከደመወዝተኛ ወደ ነጋዴ፣ ከአባት ወደ ልጅ ስትተላለፍ የኖረች፣ ከተሠራች ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ዛሬም ቁልፍ ሲዞርላት የምትነሣ አሜሪካ ሠራሽ መኪና። እንዲህ ያለችውን መኪና በዚህ ከተማ ያቆያት መርካቶ ነው ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ያሉትን መኪኖች በልቶ የጨረሳቸውም ያው መርካቶ ነው። ሁለቱም እንዴት በአንድ ሰፈር እንደሚሆኑ ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

ነገሩን በአንዲት መኪና እንያዘው። እ.ኤ.አ. የ1955 ሞዴል ሸቭሮሌ ቤል ኤር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደሯ። ርዝመቷ 5 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ሞተሯ 4.3 ሊትር ነው፤ ጉልበቷ 162 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተጽፏል። በዚያ ዓመት ሸቭሮሌ 1.7 ሚሊዮን ገደማ መኪና አምርቷል፤ ስለዚህ በአገሯ ብርቅ አይደለችም፤ የመምህርና የፖስታ ሠራተኛ መኪና ነበረች። በዚያው በ1955 ጣሊያኖች ፊያት 600ን አወጡ። የፊያቷ ሞተር 633 ሲሲ፣ ርዝመቷ 3.2 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ሁለቱንም ተቀብላለች። ፊያቷ ታክሲ ሆና ከተማውን አጥለቀለቀችው፤ ዕድሜያችሁ ከአምሳ ያለፈ ሁሉ ውስጧ ተጣብባችሁ ተሳፍራችሁባታል። በየሰፈሩ እህት ስለነበራት አንዷ ስትሞት ሌላዋ ከሬሳዋ ዕቃ ታገኛለች። ሸቭሮሌዋ ግን ቁጥሯ ጥቂት ነበር። ዕቃዋ ሲሰበር ተተኪው አይገኝም፤ ወይ ከባሕር ማዶ ይመጣል፣ ወይ እዚህ ይሠራል። ሙሉ ሆና የቆየች አንዲት አሜሪካዊት መኪና ስታዩ በርካታ ሰዎች እያንዳንዱን ብልሽት ለብቻው አስበው እንደፈቱላት እወቁ።

እነዚህ አሜሪካ ሠራሽ መኪኖች እንዴት እንደመጡ ባጭሩ ልንገራችሁ። የአሜሪካ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1942 ጀምሮ ለሲቪል ገበያ መኪና መሥራት አቁመው ታንክና ጂፕ ሲያመርቱ ከረሙ። ጦርነቱ እንዳበቃ የወጡት ሞዴሎች የድሮዎቹ ናቸው፤ ፊታቸው ብቻ ተነካክቷል። በርግጥ አዲስ የሆነው መልክ የመጣው በ1948ቱ የካዲላክ ክንፍና በ1949ኙ ፎርድ ነው። በእኛ በኩል ደግሞ የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ግብፅ ውስጥ በመራራው ሐይቅ ላይ ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ፤ ፕሬዚዳንቱም አራት የጦር ሠራዊት መኪና አበረከቱላቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ተከታትሎ የመጣ ነው። በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአሜሪካው አየር መንገድ በቲደብልዩኤ እገዛ ተቋቋመ። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት አሜሪካውያን መሐንዲሶች እየመሩት ሥራ ጀመረ። በ1945 ዓ.ም. አሥመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር የቃኘው ጣቢያ ስምምነት ተፈረመ። አብራሪው፣ መሐንዲሱ፣ አስተማሪው፣ ወታደሩ መጡ፤ መኪናም አብሮ መጣ። ሰውየው ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ መኪናዋን በመርከብ ከማስጫን እዚሁ መሸጥ ይቀለዋል። ብዙ አሜሪካ ሠራሽ መኪና ወደ ኢትዮጵያውያን እጅ የገባው በዚህ በር ነው።

አንድ ነገር ግን ቆም ብለን እንይ። እስከ ግንቦት 1956 ዓ.ም. ድረስ በዚህ አገር መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ነበር። ወደ ቀኝ የተዛወርነው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። አሜሪካዊቷ መኪና ደግሞ መሪዋ በግራ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ የሚቀመጠው ከመንገዱ ዳር፣ ከእግረኛውና ከበቅሎው ወገን ነበር ማለት ነው። ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም ሲፈልግ ከወዲያ ማዶ የሚመጣውን ማየት አይችልም፤ ወይ ብዙ ርቀት ትቶ ይከተላል፣ ወይ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ይጠይቃል። የእነዚያ ዓመታት የፊት መከላከያና የቀኝ ጉንጭ ጭረት፣ ተቀጥቅጦ የተስተካከለ ላሜራ፣ ብዙ ጊዜ ከዚህ ጋር ይገናኛል ብዬ አስባለሁ። መኪናዋ ገላ ላይ የአገሪቱ የትራፊክ ሕግ ታሪክ ተጽፎ ይገኛል።

ስለ ከፍታችን እንነጋገር፤ ይህ ለመካኒኮቻችን ትልቁ ትምህርት ቤት የነበረ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ያለው አየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሚሺጋን ለሚነዳ ሰው የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ያው ነው፤ አየሩ ግን ያንሳል። መኪናዋ ቤንዚን ይበዛባታል፣ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ካንዴላዋ ይጠቁራል፣ 162 የተባለው ጉልበቷ ወደ 120 ይወርዳል። ጥሩ መካኒክ ያኔ ካርቡራተሩን ፈትቶ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ በአነስተኛ ይተካዋል፤ ብልጭታውንም ትንሽ ያስቀድመዋል። ዕቃው በማይገኝበት ጊዜ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ብየዳ ደፍኖ በቀጭን መርፌ እንደገና የሚበሳ እጅ ነበር። ይህ ሥራ የሚለካው በፀጉር ስፋት ነው። ትንሽ ካሳነሰው ሞተሩ ይግላል፣ ትንሽ ካሰፋው የባለቤቱ ኪስ ይራቆታል። ውኃውም እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው መኪናዋ ዳገት ሳትጨርስ ትፈላለች። ስንቱ ሰው ለሞተር ማስጠገኛ የከፈለው ገንዘብ በአንዲት ክዳን ጎሚኒ ይድን ነበር!

የዝናብ መጥረጊያዋንም ላንሳ። በብዙዎቹ የዚያ ዘመን አሜሪካዊ መኪኖች መጥረጊያው በኤሌክትሪክ አይሠራም፤ ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው የመምጠጥ ኃይል ነው የሚወዛወዘው። ቤንዚን በደንብ ስትረግጡ ያ ኃይል ይጠፋል። እንግዲህ ሐምሌ ላይ፣ ዶፍ ሲወርድ፣ ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን ስትወጡ አስቡት፤ መጥረጊያው እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይቆማል። ሾፌሩ ለአፍታ እግሩን ከቤንዚን ላይ ያነሣል፣ መጥረጊያው አንዴ ይመታል፣ እንደገና ይረግጣል። የድሮ ሾፌሮች ይህን ያውቁታል፤ እግራቸው ራሱ ለምዶታል።

ከአየር ጠባያችን ያገኘነውን በጎ ነገርም ልናገር ይገባል። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ የዚያ ዘመን መኪኖች በአብዛኛው የጠፉት በዝገት ነው። ክረምት መንገዱ ላይ በረዶ ለማቅለጥ ጨው ይበተናል፤ ጨዉ ላሜራውን ከሥር ይበላዋል። እኛ ዘንድ በረዶም የመንገድ ጨውም የለም፤ ከመስከረም በኋላ ወራት የሚዘልቅ ደረቅ ፀሐይ አለ። አዲስ አበባ የኖረች መኪና ሻንሲዋ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ምጽዋ ወይም አሰብ የኖረችው ግን የባሕሩ እርጥበት ያገኛታል። እኛን የሚጎዳን ሦስት ወር የሚጥለው ዝናብ ነው፤ ውኃው ከምንጣፍ ሥር ገብቶ ይተኛል፣ የበሩን ታች፣ የዕቃ መጫኛውን ወለል ይበላል። በ1955ቷ ሸቭሮሌ ላይ ደግሞ የታወቀ ደካማ ቦታ አለ፤ ከፊት መብራቱ በላይ ያለው እንደ ቅንድብ የወጣው ላሜራ ከውስጥ ጭቃ ያቆራል። መግዛት የሚፈልግ ሰው እዚያ ላይ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ያስጠጋ። ማግኔቱ ከያዘ ላሜራ ነው፤ ካልያዘ ሥሩ ያለው ስቱኮ ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልግባ። መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዓመታት ከአራዳ ገበያ ተነጥሎ በዚህ በምዕራቡ በኩል እንዲቆም የተደረገ ገበያ ነው። ሥራው በተራ የተከፋፈለ ነው፤ ሸማው ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ፣ ጎማው ለብቻ። መኪናን የሚመለከተው ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ ገብቶ የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው ሦስት መቶ እርምጃ ሳይሄድ ኩሽኔታ የሚያወጣለት፣ ፍሪሲዮን የሚያለብስለት፣ ሞተሪኖ የሚጠቀልልለት ያገኛል። ለአሜሪካዊት መኪና ተራው የሚሠራው ግን ዕቃ በመሸጥ ብቻ አይደለም፤ በማመሳሰል ነው። ባለ ሱቁ የተሰበረውን ዕቃ በእጁ ይዞ ያገላብጠዋል፣ በካሊፐር ይለካዋል፣ ከዚያ ከኋላ ገብቶ የሌላ መኪና፣ ምናልባትም የጃፓን ጭነት መኪና ዕቃ ይዞ ይወጣል። የውስጥ ስፋቱ ልክ ነው፣ የውጩ ትንሽ ይተርፋል። የተረፈውን ቶርኖ ቤት ይቀንሰዋል። ይህ ችሎታ በየትኛውም የፋብሪካ ካታሎግ ውስጥ የለም። ያለው በሰዎች ጭንቅላትና ጣት ውስጥ ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

የፍሬን ሥራ እንደ ምሳሌ እንይ። የ1955ቷ ሸቭሮሌ በአራቱም እግሯ ታምቡር ፍሬን ነው ያላት። ዘይቱ የሚሄደው በአንድ መስመር ነው፤ አንድ ቧንቧ ከተበሳ አራቱም እግር ፍሬን ያጣል። እንጦጦ ወይም ጣርማ በር ቁልቁል ሲወረድ ታምቡሩ ይግላል፣ ይሰፋል፣ ሸራው መያዝ ያቅተዋል። ታምቡሩ ሲበላ ቶርኖ ላይ ይላጣል፤ ግን የሚላጥበት ልክ አለው። ካለፈ ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል። ሸራው አዲስ ካልተገኘ ጥቅል ሸራ ተቆርጦ በሪቬት ይመታል፤ ሪቬቱ ሸራው ውስጥ ጠልቆ መቀመጥ አለበት፣ አለበለዚያ ታምቡሩን ይፍቀዋል። የፍሬን ጎሚኒ ከሌላ መኪና ሲወሰድ ስፋቱ ብቻ መመሳሰሉ አይበቃም፤ ከፍሬን ዘይት ጋር የሚስማማ ጎማ መሆን አለበት። የተሳሳተው በሁለት ወር ያብጣል። ባለቤቱ ለቦሎ ምርመራ ሲወስዳት የሚፈተነው ይህ ሁሉ ሥራ ነው።

መኪናን የማያውቅ ሰው እንኳ ጥሩ መካኒክ የነካትን ከመጥፎው የሚለይበት አንድ ምልክት ልስጣችሁ። ኮፈኑን ክፈቱና የቡሎኖቹን ጭንቅላት ተመልከቱ። አሜሪካዊት መኪና በኢንች ቁልፍ ነው የምትፈታው። የግማሽ ኢንች ቡሎን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሰው ቸኩሎ 13 ቁልፍ ይሰካበታል። ይገባል፤ ግን ሦስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ክፍተት አለው፤ ኃይል ሲያርፍበት የቡሎኑን ስድስት ማዕዘን ያሟልጠዋል። ሰባ ዓመት ሙሉ ማዕዘናቸው ስል ሆኖ የቆዩ ቡሎኖች ካያችሁ ትክክለኛውን ቁልፍ ለመፈለግ የተነሣ፣ ባያገኝ እስከ ነገ ያቆየ ሰው ነበረ ማለት ነው። የሟለጡ ከሆኑ ምን ያህል እጅ እንደተፈራረቀባት ታያላችሁ። እኔ መኪና ሳይ ከቀለሙ በፊት የማየው ይህን ነው።

እነዚህ መኪኖች ሌላም ብዙ ፈተና ነበረባቸው። ቤንዚኑ ራሱ ተለውጧል። ድሮ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር፤ ለሳንባና ለልጆች አእምሮ መርዝ ነው፤ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እስከ እ.ኤ.አ. 2005 መጨረሻ መተዋቸው ትልቅ በጎ ሥራ ነው። የድሮ ሞተር ግን ቫልቭ የሚያርፍበትን ቦታ ከመበላት የሚጠብቅለት ያ እርሳስ ነበር። መፍትሔው ቴስታታውን አውርዶ ጠንካራ የብረት ቀለበት ማስገጠም ነው፤ ይህንም የሠሩት ቶርኖ ቤቶች ናቸው። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ኤታኖል በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ መጨመር ተጀመረ። ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ የሚጠቅም ሐሳብ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹ የቤንዚን ፖምፓ ውስጥ ያለው ጎማ ግን ለኤታኖል አልተሠራም። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ቤንዚን ያንጠባጥባል፤ የጋለ ሞተር አጠገብ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ምን እንደሚያመጣ መናገር አያስፈልገኝም። አሮጌ መኪና ያላችሁ እዚህ ካላችሁ ጎማዎቹን ሳታስለውጡ አታስነሧት፤ እለምናችኋለሁ።

ሌላም የሞተር ፈተና አለ፤ የ1955ቷ ሸቭሮሌ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ብሎኩ ላይ የዘይት ማጣሪያ ማስገጠሚያ ቦታ የለውም፤ ፋብሪካው ያስተካከለው በ1956 ሞዴል ነው። እንግዲህ አቧራማ በሆነው የአገራችን መንገድ ሞተሩ ዕድሜ ያገኘው ባለቤቱ ዘይት በሰዓቱ እየቀየረ ብቻ ነው።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን ነው፤ ያን ያህል ትልልቅ መኪና በነበረበት ግቢ። ከዚያ በኋላ ትልቅ አሜሪካዊት መኪና መያዝ ከባድ ሆነ። ከአሜሪካ ጋር የነበረው ግንኙነት ሲሻክር ዕቃ የሚመጣበት መንገድ ጠበበ። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን በአንድ ሊትር ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና የታደላትን ቶሎ ትጨርሳለች። ብዙዎቹ በየግቢው ከዛፍ ሥር ቆሙ። የቆመች መኪና ደግሞ ጎማዋ ሲተነፍስ፣ ባትሪዋ ሲሞት፣ ልጆች መጫወቻ ሲያደርጓት፣ አንድ ቀን ቆራሌው በር ላይ ይመጣል።

እዚህ ላይ ነው መርካቶ ሌላውን ገጽታውን የሚያሳየው። የአሮጌ ዕቃ መንደሩን ምናለሽ ተራን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ወደዚያ የገባ ብረት ሥራ ፈትቶ አይውልም። ላሜራው ምድጃ ይሆናል። ባሌስትራው በአንጥረኛ እጅ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ማረሻ ይሆናል፤ ጥሩ ብረት ስለሆነ ስለቱ አይዶለድምም። ጎማው በረባሶ ይሆናል። በዚህ አገር ስንት ገበሬ በአሜሪካ ብረት አርሶ ይሆን? ይህን የምናገረው በንቀት አይደለም። ምንም ነገር የማይጥል ሕዝብ ትልቅ ችሎታ ያለው ሕዝብ ነው፤ የከተማውን ቆሻሻ ወደ መተዳደሪያ የለወጡት እነዚያ ሰዎች ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን አንዲት ሙሉ መኪና በኪሎ ስትሸጥ አብሯት የሚጠፋ ነገር አለ። ከመቶ መኪና አንዷ እንኳ ሙሉ ሆና ብትቀር፣ ሌሎቹ ምን እንደነበሩ በእሷ ይታወቃል። አንዷም ካልቀረች ፎቶግራፍ ብቻ ይቀረናል።

እዚህ ላይ ከብዙ ወዳጆቼ ጋር የምንከራከርበትን ጉዳይ በግልጽ ላንሣ። መኪናዋ እንድትነሣ ማድረግና መኪናዋን ጠብቆ ማቆየት አንድ አይደሉም። ኩባውያንን ብዙ ሰው ያደንቃቸዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1959 አብዮት በኋላ አዲስ አሜሪካዊ መኪና ስላልገባላቸው የድሮዎቹን ይዘው ቀሩ። ሃቫና ውስጥ ያማሩ ሸቭሮሌዎች ይታያሉ፤ ኮፈኑ ሲከፈት ግን ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው የሌላ አገር ናፍጣ ሞተር ነው። ለእነሱ የዕለት እንጀራ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። በእኛም አገር የጃፓን ሞተርና ካምቢዮ የገባላቸው አሉ። ግን መንገድ ላይ በየቀኑ የማትሠራ፣ ለበዓልና ለሠርግ ብቻ የምትወጣ መኪና ከሆነች ሞተሯን ማውጣት ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ። የግድ ካስፈለገም የወጣው ሞተር አይሸጥ፤ ዘይት ተቀብቶ፣ ቀዳዳው ተደፍኖ፣ ግቢ ውስጥ ይቀመጥ። ከእሷ የወጣ ማንኛውም ዕቃ፣ የተሰበረም ቢሆን፣ በሳጥን ይቀመጥ። የተሰበረ ዕቃ ልክ ይወሰድበታል፤ የጠፋ ዕቃ ግን ለቶርኖው ምንም አይነግረውም። ቀለምም እንዲሁ ነው። ጥቂት የደበዘዘ የፋብሪካ ቀለም ከአዲስ አንጸባራቂ ቀለም ይበልጣል፤ አንዴ ከተፋቀ ማንም አይመልሰውም። ደማቅ ቀይ መቀባት የሚወድ ወጣት ትውልድ እንዳለ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነው ይህን አስረግጬ የምናገረው።

ጊዜውም እየጠበበ ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የሚገባው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ለከተማችን አየር ይህ ጥሩ ነው። ለወጣቱ መካኒክ ግን ካርቡራተር መማር ትርፍ የለውም፤ ኮምፒውተር ነው የሚማረው፤ ልክም ነው። ፑንቲና በስስ ወረቀት እየለካ የሚያስተካክል፣ የሞተር ድምፅ ሰምቶ የትኛው ቫልቭ እንደላላ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ሽበታም ነው። በሶማሌ ተራ ያሉት ጥቂቶቹ ሱቁን ለልጆቻቸው አስረክበው በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የትኛው ኩሽኔታ ከየትኛው እንደሚመሳሰል፣ የትኛው ጓርኒሲዮን ተቆርጦ ለየትኛው እንደሚሆን በማንም ደብተር ላይ አልሰፈረም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው ለቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶቻችን ነው፤ ተግባረ ዕድን የመሰሉትን ማለቴ ነው። ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ከእነዚህ አባቶች አንዱ ዘንድ ሄደው አንድ ቀን ይዋሉ፤ የሚጠይቁት ጥያቄ ቀላል ይሁን፤ ይህ ዕቃ ሲጠፋ በምን ተኩት? መልሱን ከነልኩ፣ ከነሥዕሉ ይጻፉ። የአንድ ዓመት ተማሪዎች ብቻ ቢሠሩት የትም የሌለ መጽሐፍ ይወጣዋል። የመርካቶ ባለሙያም ስሙ በሥራው ላይ ይጻፍለት፤ ይገባዋል።

ሁለተኛው ለባለቤቶች ነው። ሊብሬዋን ከመሳቢያ አውጡና ፎቶ አንሡት፤ የቀድሞ ባለቤቶች ስም ያለበት ወረቀት ካለም አትጣሉት። ከዚያ ወደ መኪናዋ ሂዱ። በ1955ቷ ሸቭሮሌ የፋብሪካ ቁጥሯ ያለበት ትንሽ ሰሌዳ የሚገኘው በግራ በኩል የፊት በር ማጠፊያ ምሰሶ ላይ ነው። ቁጥሩ የሚጀምረው በቪ ፊደል ከሆነ ስትሠራ ጀምሮ ባለ ስምንት ሲሊንደር ናት፤ ቀጥሎ ሲ ካለ ቤል ኤር ናት፤ 55 ዓመቷ ነው፤ ከዚያ የሚመጣው ፊደል የተገጣጠመችበት ከተማ ነው፤ ኤፍ ከሆነ ፍሊንት፣ ቲ ከሆነ ታሪታውን፣ ጄ ከሆነ ጄንስቪል። ሌላው ሰሌዳ በሞተሩና በዳሽቦርዱ መካከል ባለው ላሜራ ላይ በሞተሩ በኩል አለ፤ እሱ የመጀመሪያ ቀለሟንና የመቀመጫዋን ልብስ ይነግራችኋል። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከፊት በቀኝ በኩል፣ ቴስታታው ብሎኩ ላይ ከሚያርፍበት አጠገብ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተመትቷል። በሦስቱም ላይ ስስ ወረቀት አድርጋችሁ በእርሳስ ጎን እሹበት፤ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ቀን ጻፉበት፣ ከሊብሬው ጋር አስቀምጡት። ሰሌዳው ቀለም ተቀብቶበት ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሽቦ ብሩሽ እንዳትነኩት፤ ፊደሎቹ ጥልቀት የላቸውም፣ አብረው ይጠረጋሉ። በጥጥ ላይ ጥቂት ቲነር አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ አርጥቡት፤ አንድ ሰዓት ቢወስድም የላይኛው ቀለም ይለቃል።